በወንጌል ኅዳግ የተጻፈ መንደር

የጥንት ወንጌል ሲገለጥ ዓይን ወደ ሥዕሉ ይሮጣል። ማቴዎስ ብርዑን ይዞ ተቀምጧል፤ በአንጻሩ ባለው ገጽ ራስጌ ላይ ሐረጉ በቀይና በቢጫ ተጠላልፏል። እኔ ሁልጊዜ የምፈልገው ግን መጀመሪያ ባዶ የነበረውን ገጽ ነው። በአንዱ ወንጌል መጨረሻና በሌላው መጀመሪያ መካከል ወይም ከሽፋኑ ገበታ ቀጥሎ፣ ቁም ጸሐፊው ሳይነካው ያለፈው ብራና ይኖራል። እዚያ ላይ ከዓመታት በኋላ ሌላ እጅ መጥቶ፣ ፊደሉን አሳንሶ፣ የአንድን አጥቢያ መሬትና ሰው ጽፎበታል፦ የትኛው ማሳ የማን እንደሆነ፣ ማን ለማን እንደሸጠ፣ ማን ቆሞ እንዳየ። ሥዕሉን የሠራው ሰው ስንት ጊዜ ተወድሷል! ይህን ገጽ የጻፈው ደብተራ ግን ውለታው እስካሁን አልተከፈለውም። የ19ኛው መቶ ዘመን የገጠር መንደር መልክ እንዲህ ተጠንቅቆ የተያዘበት ሌላ ሥራ በአገራችን አላውቅም።

በወንጌል ላይ መጻፉ ምክንያት አለው። ከአንድ ደብር ዕቃ ሁሉ አጥብቆ የሚጠበቀው ወንጌሉ ነው፤ ሰው የሚምለውም በእርሱ ነው። እሳት ቢነሳ ከታቦቱ ጋር ቀድሞ የሚወጣ መጽሐፍ ስለሆነ፣ የርስት ነገር ከዚያ የተሻለ ማኅደር አልነበረውም። ልማዱ ከጎንደር ዘመን እጅግ ይቀድማል፤ በጎንደር ነገሥታት ጊዜ ግን ሰፋ፣ ዝርዝሩም በዛ። ዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወለተ እስራኤል ደግሞ በጎጃም ሞጣ ጊዮርጊስን ሲተክሉ፣ ለእያንዳንዱ አገልጋይ መሬት ተመድቧል። ቅዳሴ የሚቀድስ፣ ማኅሌት የሚቆም፣ መጽሐፍ የሚያስተምር ሁሉ ድርሻው በስሙ መታወቅ ነበረበት። ከዚያም መሬቱ ሲወረስ፣ ሲሸጥና ሲለወጥ ጽሑፉ ተከተለው። በሞጣ የመሬት ሽያጩ መዝገብ እስከ 19ኛው መቶ ዘመን ድረስ ሲጨመርበት ኖሯል።

ወደ ገጹ እንቅረብ። ብራና ሁለት ፊት አለው። የጠጉሩ ወገን ቢጫ ሲል የጠጉር ሥሮቹ እንደ ነቁጥ ይታያሉ፤ የሥጋው ወገን ነጣ ብሎ ይለሰልሳል። ዋናው ጸሐፊ በወስፌ ያሰመረው መስመር ቀለም የለውም፤ ቆዳውን ጎድጎድ አድርጎ ያለፈ ጭረት ነው፣ ብርሃን በሰያፍ ሲመታው ብቻ ይታያል። የርስት ጸሐፊው ግን ብዙ ጊዜ የደረሰው ያልተሰመረ ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ መስመሩን በዓይኑ ይጠብቃል። ጥሩ ደብተራ ከሆነ ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ዳር ድረስ የፊደሉ እግር ከፍና ዝቅ አይልም። ከዚህ ይልቅ የሚያስደንቀኝ የቦታ ቁጠባው ነው። ከፊቱ ያለው አንድ ገጽ፣ አንዳንዴም የገጹ ግርጌ ብቻ ነው፤ የሚጽፈው የአንድ አገር ሰው ነው። በሁለቱ ነጥብ ብቻ ስም ከስም እየለየ፣ ድርሻን በግእዝ ቁጥር እያኖረ ይሄዳል። ቁጥሩ ከላይና ከታች ሰረዝ ስላለው ከፊደሉ መሐል ወጥቶ ይታያል፤ ማንበብ የማይችል ባለርስት እንኳ ስንት እንደተጻፈለት በጣቱ ሊከተለው ይችላል። ቀይ ቀለም ቢኖረው ለእመቤታችንና ለቅዱሳን ስም፣ ለንጉሡም ስም ያውለዋል። ለማሳው ጥቁሩ ይበቃል።

ዓረፍተ ነገሩ ራሱ የተሠራ ነገር ነው። መጀመሪያ ጊዜው ይመጣል። ጸሐፊው ዓመቱን በቁጥር ብቻ አይተውም፤ ዘመነ ማርቆስ ወይም ዘመነ ሉቃስ ብሎ ይጀምራል። ይህ በየአራት ዓመቱ ስለሚመለስ አይበቃውም፣ ንጉሡን ይጨምራል። ንጉሡም አይበቃውም፣ በጊዜው ያለውን ራስ ይጨምራል። ከዚያ የደብሩን አለቃና ገበዙን ይጠራል። ከእነዚህ ስሞች አንዱ ቢዘነጋ ሌላው ያስታውሰዋል፤ አራቱም ገጥመው የሚገኙበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው። በዘመነ መሳፍንት በተጻፉት ላይ ይህ አንድ መስመር የመንግሥቱንም መልክ ያሳያል። ንጉሡ ጎንደር ላይ በስም ብቻ በተቀመጠበት፣ ሥልጣኑ ደብረ ታቦር ከራስ ዐሊ ዘንድ በሆነበት ጊዜ፣ ደብተራው ሥርዓቱን ሳያፈርስ ንጉሡን ፊት፣ ራስ ዐሊን ቀጥሎ ይጽፋል። ክብሩንም አልነሳም፣ እውነቱንም አልሸሸገም።

ቀጥሎ ወሰኑ ይመጣል፤ የሙያው ጥግ ለእኔ እዚህ ነው። ካርታ የለም፣ የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ገመድ ነው፣ ስፋቱም የሚነገረው ጥንድ በሬ በሚያርሰው ልክ ነው። ጸሐፊው መሬቱን የሚይዘው በጎረቤት ነው። ከወንዙ ወዲህ፣ ከዋርካው በታች፣ ከእገሌ እርሻ በላይ፣ ከእገሊት ርስት አጠገብ። እያንዳንዱ ባለርስት በራሱ ቦታ አንድ ጊዜ ይጠራል፤ በጎረቤቶቹ ወሰን ላይ ደግሞ እንደገና ይመጣል። አንዱን ስም ይዘህ ገጹን ብትከተል፣ ሰውየው ከማን ጋር ድንበር እንደሚጋራ፣ ለማን እንደመሰከረ፣ ለማን ዋስ እንደሆነ ታገኛለህ። ሰው አንድ በአንድ የተቆጠረበት መዝገብ ብዙ አገር አለ። ሰው ከሰው ጋር እንደተያያዘ የተጻፈበት ግን ጥቂት ነው፤ መንደርን መንደር የሚያደርገውም ይህ መያያዙ ነው።

ከዚያ እማኞቹ። በአለቃው ይጀመራል፣ ካህናቱ ይከተላሉ፣ ጭቃ ሹሙና ሽማግሌዎቹ ይመጣሉ። ቅደም ተከተሉ ማን ከማን ፊት እንደሚቀመጥ ይነግራል። ዋጋው ሲጻፍ ቀደም ባለው ዘመን በወቄት ወርቅና በአሞሌ ጨው ነው፤ ኋላ የማርትሬዛው ብር ይመጣል። በአንድ ደብር ገጾች ላይ ይህን ለውጥ ብቻ እየተከተልህ የገበያውን መለወጥ ልታይ ትችላለህ። መጨረሻው ግዝት ነው፤ ይህን ያፈረሰ፣ ይህን የፋቀ እንዲህ ይሁን ይላል። ደብተራው የቆዳውን ጠባይ ያውቃል። ብራና በምላጭ ሲፋቅ ፊደሉ ይለቃል፣ ቦታው ግን ይሻክራል፣ አዲስ የተጻፈበት ቀለምም ጠርዙ ይበተናል። ግዝቱ ለሚፈራው ነው፤ ለማይፈራው ብራናው ራሱ ይመሰክርበታል። በገጹ ፎቶግራፍ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ የተፋቀ ቦታ ሲያጋጥም ይለያል።

በእነዚህ ገጾች ሴቶች አሉ። ይሸጣሉ፣ ይገዛሉ፣ ለልጆቻቸው ያወርሳሉ፣ ስማቸውም ከባል ስም ሥር ተሸጉጦ ሳይሆን በራሱ ቆሞ ይጻፋል። ታሪክ ጸሐፊው ዶናልድ ክራሚ የጎንደር ዘመን ሴቶችን የመሬት መብት ያጠናው ከእንዲህ ያሉ ጽሑፎች ነው። የሌሉትንም መናገር ግድ ነው። ሕፃናት የሉም። ዕድሜ የለም። መሬት የሌለው ሰው፣ ባሪያ፣ ብዙ ጊዜ ሸማኔውና ቀጥቃጩም የሉም፤ ቢጠሩም በጌታቸው ስም ሥር ነው። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. ከ1841 ጀምሮ ቆጣሪ ከቤት ወደ ቤት እየሄደ የአሽከሩንና የጨቅላውን ስም ሳይቀር ሲጽፍ ነበር፤ በ1851 ደግሞ የትውልድ ቦታና ከቤቱ ባለቤት ጋር ያለው ዝምድና ተጨመረ። የኛ ደብተራ ይህን አላደረገም። የተላከው ርስትና አገልግሎት እንዲጽፍ ነው፣ የታዘዘውን በሚገባ ሠራ። የመንደሩን ድሃ ግን ከዚያ ገጽ አናገኘውም፣ ይህም ሊቆጨን ይገባል።

መቁጠር ያጣላም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ ገና በጥቂት ዓመታቸው ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው መሬት ለሚገብር ይሰጥ አሉ። ካህናቱ ከንጉሡ ጋር ክፉኛ የተጋጩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። በወንጌሉ ላይ በስም የተዘረዘረ ድርሻ ያለው ደብር፣ ድርሻህ አምስት ሰው ነው ሲባል ምን እንደተሰማው መገመት አያቅትም። እኒሁ ንጉሥ ደግሞ የብራና መጻሕፍትን ከጎንደርና ከሌላውም አገር ሰብስበው መቅደላ አኖሩ። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች መቅደላን ሲይዙ 350 ያህሉን ወሰዱ፤ ከእነዚያ መካከል የርስት ጽሑፍ ያለባቸው ስላሉ፣ የጎንደር አጥቢያዎች ጎረቤትና ድንበር ዛሬ ለንደን ተቀምጧል።

የቀረውን ያተረፉልን ሰዎች አሉ። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ፎቶግራፍ አንሥቷል፤ የግእዝ ሊቁ ጌታቸው ኃይሌም አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው ዝርዝራቸውን ሲያዘጋጁ ዋናውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በኅዳግ ያለውንም መዝግበዋል። ክራሚ ከሹመት ሲሻኝና ከዳንኤል አያና ጋር የጎጃምን የመሬት ጽሑፎች አጥንቷል፤ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው ስለ መሬትና ኅብረተሰብ የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ የቆመውም በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ይሁን ሲባል የገጾቹ ሕጋዊ ጉልበት አበቃ። በዚህ ዘመን በአማራ ክልል ለገበሬው የሚሰጠው የይዞታ ደብተር የባልና የሚስቱን ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይዟል። ደብተራው ያላሰበውን አስቧል፤ አዋሳኙን በጎረቤት ስም መጻፉ ግን ከእርሱ ሥራ ጋር ያዛምደዋል።

እዚህ አዲስ አበባ፣ ልደታ ይህን ሙያ የሚያስታውሰኝ የፍርድ ቤቱ ፋይል አይደለም፤ የእድር መዝገብ ነው። ሰፊ መስመር ያለው ጠንካራ ሽፋን ደብተር ነው። ጸሐፊው ተራ ቁጥር ይሰጣል፣ የአባሉን ስም በሙሉ ይጽፋል፣ ከሥሩ ሚስት ወይም ባል፣ ልጆች፣ አብረው የሚኖሩ እናትና አባት፤ ቀጥሎ የወሩ መዋጮ በየሳጥኑ ምልክት ይደረግበታል። ያልከፈለ ወር በቀይ ይከበባል። አባሉ ሲያርፍ ስሙ አይፋቅም፤ ቀጥ ያለ አንድ መስመር በላዩ ይሰመርና ቀኑ ከጎኑ ይጻፋል፣ የባለቤቱ ስም ከሥሩ ወደ ላይ ይወጣል። የቀበሌው ፋይል የቤት ቁጥር ያውቃል። የእድሩ መዝገብ ግን ድንኳን ሲተከል ማን ለማን እንደሚመጣ፣ የማን እናት በማን ቤት እንደምትጦር ያውቃል፤ በመንደር ሥዕልነቱ ከቀበሌው ይልቅ ለወንጌሉ ኅዳግ የቀረበ ነው።

በ2000ዎቹ መጀመሪያ የልደታ አሮጌ ሰፈሮች ፈርሰው ኮንዶሚኒየም ሲቆም፣ አጥር ለአጥር የኖረው ሰው ወደየአቅጣጫው ተበተነ። ማን ከማን ጋር ግድግዳ ይጋራ እንደነበር፣ ግንቦት 1 ቀን የማን ደጃፍ ላይ ንፍሮው ይወጣ እንደነበር የያዘ የመንግሥት ወረቀት አላውቅም። የእድሮቹ መዝገቦች ግን ከዚያ ዘመን የተረፉ አሉ፤ በየጸሐፊው ቤት፣ በቁም ሣጥን ላይ፣ በፌስታል ተጠቅልለው። ወረቀታቸው ከብራና እጅግ የደከመ ነው፣ እስክሪብቶውም ከጥላሸት ቀለም ቀድሞ ይደበዝዛል። ፎቶግራፍ ማንሳት የሚችል ስልክ በየኪሳችን አለ። የእድሩ ዳኛና ጸሐፊው ከፈቀዱ የአንድ መዝገብ ሥራ ከአንድ ከሰዓት በኋላ አያልፍም፤ መጀመር ያለበትም ከፈረሱት ሰፈሮች ነው።