የክፉ ቀን እህል

ዛሬ ስለ ነቀዝ ነው የማወራችሁ። "ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ስለ ነቀዝ ምን ያውቃል?" የሚል አይጠፋም። ልክ ነው፤ እስከ 2012 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ምንም አላውቅም ነበር።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ መገኘቱ ሲነገር፣ እኔም እንደ ብዙው ሰው ደንግጬ መርካቶ፣ እህል በረንዳ ሮጥኩ። 50 ኪሎ የስንዴ ዱቄት፣ 50 ኪሎ ባቄላ፣ 25 ኪሎ ምስር ክክ ሸመትኩ። ለተሸካሚ ከፍዬ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ አስወጣሁና የልጆቹ መኝታ ቤት ጥግ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ ግድግዳ አስደግፌ ደረደርኩት። የዚያን ዕለት ማታ እንደ ባለጠጋ ተኛሁ።

ብዙም ሳይቆይ በራችን ተንኳኳ። ምድር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች ሦስት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት። አሠሪዎቿ በሽታውን ፈርተው "ለጊዜው አትምጪ" ብለዋታል። "ጋሼ፣ ሱቁ ዱቄት ጨርሷል። ትንሽ ብታበድሩኝ ሥራ ስጀምር እመልሳለሁ" አለችኝ። ሁለት ኪሎ ሰፍሬ ሰጠኋት። እዚህ ላይ ባቆም ጥሩ ነበር። ሳልጠየቅ "ለኛም የቀረችን ይቺው ናት" ብዬ ጨመርኩ። መርቃኝ ሄደች። ሌላ ጊዜ አልመጣችም።

ጳጉሜን ላይ እናቴ ለአዲስ ዓመት ከገጠር መጣች። ገና ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ "ምንድነው የሚሸተው?" አለች። ጆንያዎቹን ስንፈታ ዱቄቱ ተላቁጦ ሸረሪት ያደራበት መስሏል፤ ግድግዳውን የነካው ወገን ሻግቷል። ባቄላው ተበስቶ ወንፊት ሆኗል። እናቴ ከባቄላው አንድ ፍሬ አንስታ በጣቷ ስትጫነው ዱቄት ሆነ።

"ለክፉ ቀን ዱቄት የሚያስቀምጥ ሰው ዛሬ ገና አየሁ" አለች።

ከዚያ በኋላ የሰማሁት ትምህርት ስንት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ቆሜ ከሰጠሁት ይበልጣል። እህል ልብሱን እስካልገፈፉት፣ እስካልተፈጨ ድረስ ይበልጥ ይቆያል፤ ዱቄት ግን የዛሬ ምግብ እንጂ የከርሞ አይደለም። የሚቀመጥ እህል አስቀድሞ ፀሐይ ላይ መስጣት አለበት፤ ጥርስ ላይ "ቀጭ" ካላለ አልደረቀም። መሬትም ግድግዳም አይነካም፤ ጎተራን ከመሬት ከፍ አድርገው የሚሠሩት፣ ጎታን በጭቃና በእበት የሚመርጉት ለዚህ ነው። ጤፍን ፍሬው ከማነሱ የተነሣ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደህና ከተቀመጠ ዓመታት ይቆያል። እንዲያውም እናቴ ባቄላና በቆሎ ስታስቀምጥ ጤፍ ትቀላቅልበት ነበር። ጤፉ በፍሬዎቹ መሐል ያለውን ክፍተት ሁሉ ይሞላዋል፤ ነቀዙ መላወሻ ያጣል። ሲፈለግ በወንፊት ነፍቶ መለየት ነው። ልጅ ሆኜ ያንን ሥራ ሳይ የድህነት ይመስለኝ ነበር። የነቀዝ ሊቅ ኖሯል ቤታችን!

ሐረርጌ ደግሞ ማሽላውን አፉ ጠበብ ያለ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል። አፉ ሲታሸግ እህሉና ነቀዙ ራሳቸው ውስጥ ያለውን አየር ይጨርሱታል፤ ነቀዙ ይታፈናል። ዛሬ ገበያ ላይ የመጣው፣ ውስጡ ሁለት ድርብ ላስቲክ ያለው "ፒክስ" የሚባለው ከረጢትም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህ እያለ አንዳንዱ የነቀዝ እንክብል ገዝቶ በሚተኛበት ቤት ጆንያ ውስጥ ይከታል። የእንክብሉ ጋዝ ነቀዝና ሰው አይለይም፤ ቤተሰብ ይገድላል።

በመጨረሻ እናቴ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ። "ይኼን ሁሉ ለማን ነው ያስቀመጥከው?"

"ለኛ ነዋ እማዬ።"

"እናንተ አልበላችሁት። ነቀዙ ነው የበላው።"

ምድር ቤት ያለችውን ሴት አስታወስኩና ዝም አልኩ።

እስቲ "ክፉ ቀን" የምንለውን ቃል እንየው። ዛሬ ስንናገረው ማንኛውም ችግር ይመስላል። ለአያቶቻችን ግን የታወቀ ዘመን ስም ነው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. የደረሰው እልቂት "ክፉ ቀን" ተብሎ ቀርቷል። ከባሕር ማዶ የገባ የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ በሬ ሲያልቅ የሚያርስ ጠፋ፤ ጎተራው ባዶ ቀረ። "ለክፉ ቀን ይሁን" እያልን ዛሬም የምናስቀምጠው ያንን ዘመን ሳናውቀው እያስታወስን ነው።

ከዚያ ወዲህ ያየነው ግን የሚያስተምረን ሌላም ነገር አለ። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ወሎ ረሀብ ሲጽፍ፣ ሰው በረሀብ እያለቀ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ የሚወጣ እህል እንደነበረ ያነሳል። እህል መኖሩ ብቻውን ሰው አላዳነም፤ የተራበው መግዣ አልነበረውም። የዮሴፍንም ታሪክ ሰባኪዎቻችን ሲተርኩልን ሰባቱን የጥጋብ ዓመትና የጎተራውን መሙላት ነግረውን ወደ ቤታችን ይሸኙናል። ከምዕራፍ 41 አልፎ ምዕራፍ 47 የደረሰ አንባቢ ግን ሌላ ነገር ያገኛል፤ ሕዝቡ ያንኑ እህል ለማግኘት በመጀመሪያ ገንዘቡን፣ ቀጥሎ ከብቱን፣ በመጨረሻ መሬቱንና ራሱን ለፈርዖን ሸጠ። አንዱ ጎተራ አዳነም፣ ባሪያም አደረገ። ስለ ጎተራ ሲነሳ ስንት ኩንታል ይዟል ብቻ ሳይሆን ቁልፉ ማን እጅ ነው ብሎ መጠየቅ ያሻል።

እኛ የከተማ ሰዎች ደግሞ ጨዋታውን አበላሽተነዋል። በድንጋጤ ቀን ሮጠን የምንሸምት እኛ ነን፤ ያን ጊዜ ዋጋውን የምንሰቅለው በኪሎና በጣሳ በሚገዛው ሰው ላይ ነው። ለእሱም "ለክፉ ቀን አስቀምጥ" ብለን ምክር እንሰጠዋለን። በቀን ውሎ የሚያድር ሰው ኩንታል በምኑ ይግዛ? ቢገዛስ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ አምስት ሆኖ የሚያድር የት ያስቀምጠው? የኮንዶሚኒየማችን ንድፍ እንኳ ለመኪና ማቆሚያ እንጂ ለእህል ቦታ አላሰበም።

ዕድራችን ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ሰሐን አለው። ሁሉም በሥርዓት ተቆጥሮ፣ ተቆልፎ፣ ኃላፊ ተሹሞለት የተቀመጠ ነው። ለሞታችን እንዲህ ተዘጋጅተናል። በአዝመራ ማግስት፣ ጥር ላይ፣ እህሉ ረከስ ሲል አባላቱ ተዋጥተው ጥቂት ኩንታል ቢያስቀምጡ፣ ክረምት ላይ ለቸገረው በገዛንበት ዋጋ ቢያበድሩ፣ በዓመቱ አሮጌውን አውጥተው አዲስ ቢተኩ፣ ምን ያንሰናል? ቁልፉም በጋራ ይሆናል፤ እንደኔ "የቀረችን ይቺው ናት" የሚል ሰው ቢኖር እንኳ መዝገቡ ያጋልጠዋል።

ሐሳቡን ለዕድራችን ስብሰባ አቅርቤው ነበር። ሰብሳቢው በትሕትና አዳመጡኝና "ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ግን ዕድራችን ለቀብር ነው የተቋቋመው" አሉ። ሰው አጨበጨበ፤ ወደ ድንኳኑ እድሳት ተሻገርን።

እናቴ ወደ አገሯ ከመመለሷ በፊት፣ ከባቄላው ያልተነካውን ለቅማ፣ ፀሐይ አስመትታ፣ በሰሐን ሞልታ ሰጠችኝ። "ምድር ቤት ላለችው ስጣት" አለች። ለካ ነግሬያት ኖሯል። ደረጃውን ወርጄ አንኳኳሁ። ሌላ ተከራይ ከፈተልኝ። ሴትየዋ የቤት ኪራይ መክፈል አቅቷት ሐምሌ ላይ ለቃ ሄዳለች፤ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ አላገኘሁም።