የሰብሳቢው ጥፋትና የዘፋኞቹ ቃል፦ ቼሩሊን እንዴት እንጥቀስ?

በአንድ የሥነ ቃል ትምህርት ላይ አንድ ተማሪ በሰሌዳው የተጻፈውን የኦሮምኛ ስንኝ አይቶ፣ «ይህን አያቴም ታውቀዋለች፤ ታዲያ ‹ቼሩሊ 1922› የምንለው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። የሚወደድን ኪነ ጥበብ ከባለቤቱ ጥፋት መለየት ይቻላል ወይ የሚለው የቆየ ክርክር በእኛ ሙያ የሚነሣው በዚህ መልክ ነው።

ኤንሪኮ ቼሩሊ (1898–1988) በኢትዮጵያ ጥናት ስማቸው ከገነነ ሊቃውንት አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1922 ያሳተመው የኦሮሞ ሥነ ቃል ስብስብ የጦርነትና የፍቅር ዘፈኖችን የያዘ ሲሆን፣ ዋና ነጋሪው ሎራንስዮስ ወልደ ኢየሱስ ነበር። ስለ ሲዳማና ስለ የምሳ ቋንቋዎች ያዘጋጃቸው ጥራዞች በ1938 ወጡ። በዚያው ዘመን ቼሩሊ ኢትዮጵያን በኃይል በያዘው የፋሺስት አስተዳደር ምክትል ጠቅላይ ገዥ ነበር፤ ኋላም ሐረርን ገዝቷል። ኢትዮጵያ በ1948 ለተባበሩት መንግሥታት የጦር ወንጀሎች ኮሚሽን ካቀረበቻቸው አሥር ተከሳሾች አንዱ እርሱ ነው። ሆኖም ለፍርድ አልቀረበም፤ ይልቁንም የሊንቼይ አካዳሚ ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅቷል።

«ሥራውን ከሰውየው ለይተን እንጠቀም» የሚሉ ወገኖች አንድ ነገር ይዘነጋሉ። ገዥ ጠያቂ፣ ተገዥ መላሽ በሆነበት ሁኔታ ማን ለመናገር እንደ ቀረበ፣ ምን እንደ ተናገረና ምን እንደ ደበቀ መመርመር የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የማስረጃ ጥራት ጉዳይ ነው። በወረራው ዘመን የታተመን መረጃ ከዘመኑ ነጥሎ ማንበብ እንግዲህ የዘዴ ጉድለት ይሆናል።

«መጽሐፉን እንተወው» የሚሉትም ቅጣቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ አላጤኑም። ቼሩሊ አልፏል፤ በዚህ ፍርድ የሚጎዳው የአያቶቹን ቃል የሚፈልገው ተናጋሪ ነው።

ሁለቱም ወገኖች የሚስቱት በአንድ ቦታ ነው፤ ሰብሳቢውን እንደ ፈጣሪ ይቆጥሩታል። የምንወደው ግጥም ግን የቼሩሊ አይደለም። ቤት የመታው፣ ዜማ የሰጠውና ጠላትን የሸነቆጠበት ዘፋኙ ነው፤ በቃሉ ይዞ ያቆየው ነጋሪው ነው። የቼሩሊ ድርሻ ጽሕፈቱ፣ ትርጉሙና ሐተታው ነው። ይህም ድርሻ ትንሽ አይደለም፤ ልንነፍገው አይገባም። የችሎታ ምስክርነት ግን ከተጠያቂነት ነጻ አያወጣም።

ስለዚህ አጠቃቀሳችን እንዲለወጥ ሦስት ነገሮችን አሳስባለሁ። አንደኛ፣ የነጋሪው ስም በታወቀበት ሁሉ ከሰብሳቢው ስም ይቅደም፤ ባልታወቀበትም «ነጋሪው ያልተጠቀሰ» ተብሎ ክፍተቱ በግልጥ ይታይ። ሁለተኛ፣ መረጃው የተሰበሰበበትና የታተመበት ሁኔታ፣ የሰብሳቢው ሥልጣንም ጭምር፣ በመግቢያ ይገለጥ። ሦስተኛ፣ ጽሑፎቹ ዛሬ ካሉ ተናጋሪዎች ጋር እንደገና ይነበቡ፤ እርማታቸውም በስማቸው ይመዝገብ።

ለተማሪው በዕለቱ የሰጠሁት መልስ «የተለመደ ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። መልሱ እውነት ቢሆንም በቂ አልነበረም። በሚቀጥለው ትምህርት ከስንኙ ሥር ያለውን ጥቅስ አጥፍቼ «ነጋሪ» እና «ሰብሳቢ» የሚሉ ሁለት መስመሮችን ጻፍኩ፤ አያቱ የምታውቀውንም አባባል ጠይቆ እንዲያመጣልን ለመንኩት።