ሁሉን ነገር «ብርቅዬ» ስንል

አንድ ተራ የእንግሊዝኛ ቅጽል አለ፤ «ሬር» የሚሉት። ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሁሉ ያውቀዋል። «በዐረፍተ ነገር አስገብታችሁ አሳዩ» ቢባል አምስት ዐረፍተ ነገር ለመደርደር የሚቸገር የለም። ችግሩ የሚመጣው ወደ አማርኛ ስንመለስ ነው። በእጃችን በሚዘዋወሩት ጽሑፎች፣ ይህችው የራሳችን ቡለቲን ሳትቀር፣ «ሬር» በሚገባበት ሁሉ «ብርቅዬ» ይገባል። ብርቅዬ መጽሐፍ፣ ብርቅዬ አጋጣሚ፣ ብርቅዬ ዝናብ፣ ብርቅዬ በሽታ። ይህ ሂስ የተጻፈው በዚህች አንዲት ቃል ላይ ነው። «ለአንዲት ቃል ይህን ያህል ምን አንጨረጨረህ?» የሚለኝ ቢኖር እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ።

ከቤቴ ልጀምር። አገሬ ዋጃ ነው፤ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ። እዚያ ዝናብ ሲዘገይ ሰው «ዘንድሮስ ዝናቡ ብርቅ ሆነብን» ይላል። ተማሪ ሳለሁ ይህንኑ ይዤ «በዋጃ ዝናብ ሬር ነው» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። መምህሩ «ሬር»ን ሰርዘው «ስኬርስ» ጻፉበት። ያኔ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግን ለማለት ለፈለግሁት ነገር እሳቸው ልክ ነበሩ። «ሬር» አንድ ነገር በቁጥር ማነሱን ወይም አልፎ አልፎ መከሰቱን ብቻ ይናገራል፤ ይፈለግ አይፈለግ ጉዳዩ አይደለም። ከ«ስኬርስ» ጎን ግን ሁልጊዜ የቸገረው ሰው ቆሟል። አሮጌ ሳንቲም «ሬር» ይሆናል፤ ዳቦ ሲጠፋ ግን «ስኬርስ» ነው።

የእኛው «ብርቅ»ስ? ከሁለቱም ይለያል። «ብርቅ» የሚናገረው ስለ ቁጥር ሳይሆን ስለሚያየው ሰው ዓይን ነው። የከተማ ልጅ ገጠር ሲወርድ ላም ብርቅ ትሆንበታለች፤ በመንደሩ ግን ላም ሞልቷል። «ምን ብርቅ ነገር አየህ!» ስንልም የምንናገረው ስለ ሰውየው መደነቅ ነው። «ብርቅዬ» ላይ ደግሞ መውደድና መሳሳት ይታከልበታል፤ ለጆሮዬ እንደ «እናትዬ» ያለ የማቆላመጥ ጣዕም አላት።

እንግዲህ «ብርቅ ሆነብን» የምትለው የአገሬ አባባል ምሬቷ ያለው «ብን» ላይ ነው። «ብን»ን ቆርጠን «ብርቅዬ ዝናብ» ስንል ምሬቱ ይቀርና ሽርሽር የወጣ ሰው ወሬ ይሆናል። በሚያዝያ የሚዘራው ማሽላ ዝናብ አጥቶ ቀርቶበት፣ በሐምሌ ወደ ጤፍ የዞረ ገበሬ ዝናቡን «ብርቅዬ» ብሎ አያቆላምጠውም።

ቃሏን ያለማመደን የዱር አራዊት ነገር ይመስለኛል። እዚያ «ብርቅዬ» የሚባለው በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ለማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ዋልያ ሁለቱንም ያሟላል፤ ከሰሜን ተራሮች በቀር የትም የለም፣ ቁጥሩም እጅግ አንሷል። ጭላዳ ዝንጀሮ ከኢትዮጵያ ውጭ ባይገኝም በደጋው ገደል አፋፍ በመቶ እየሆነ ሣር ሲግጥ ይታያል። የዱር አህያ ተገላቢጦሹ ነው፤ በአፋር በረሃ አለ፣ በኤርትራም አለ፤ የእኛ ብቻ አይደለም፣ ነገር ግን ከምድር ሊጠፋ ጥቂት ነው የቀረው። ለሦስቱም አንድ ቃል የሰጠ ጸሐፊ ለአንባቢው የትኛውን ነገረው?

ብዕር ያስነሣችኝ ግን «ብርቅዬ በሽታ» ናት። አክስቴ ስለ ልጇ ሕመም የተሰጣትን፣ ከእንግሊዝኛ የተመለሰ የማብራሪያ ወረቀት ይዛ መጣችና አነበብኩላት። እዚህች ቃል ላይ ስደርስ አስቆመችኝ። «ብርቅዬ ካሉትማ ደግ ነገር ነው፣ አይደል የኔ ልጅ?» አለችኝ። ምን ልበላት? «አብሽሪ አክስቴ፣ ብዙ ሰው የማይዘው በሽታ ነው ማለታቸው ነው» አልኳት። ፊቷ ሲለወጥ አየሁት። ያቺን የግማሽ ደቂቃ ተስፋ የሰጣት ተርጓሚው ነው፤ የነጠቅኋት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ የተፈለገው እኮ ቁጥር ብቻ ነው። በአውሮፓ ኅብረት እንዲህ የሚባለው ከ10,000 ሰው ከ5 የማይበልጠውን የሚይዝ በሽታ ነው፤ በአሜሪካ ሕግ ደግሞ በአገሪቱ ከ200,000 ያነሱ ሰዎችን የሚይዝ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ለእነዚህ በሽታዎች መታሰቢያ ቀን ሲወጣ የተመረጠው ፌብሩዋሪ 29 ነበር፤ በአራት ዓመት አንዴ የሚመጣ ቀን ስለሆነ። የእኛ ጳጉሜን 6 እንደማለት ነው። ታዲያ ጳጉሜን 6ን «ብርቅዬ ቀን» የሚላት አለ? «በአራት ዓመት አንዴ የምትመጣ» ነው የምንላት። በሽታውንም «ከስንት ሰው አንዱን የሚይዝ» ብንለው አክስቴም ትረዳው ነበር።

ከዚህ የባሰም አለ። አንድ ወዳጃችን ስለ 1977ቱ ረሀብ በጻፈው ታሪክ ላይ «እህል ብርቅዬ ነበር» ብሏል። ታሪኩ ጥሩ ነው፤ ዐረፍተ ነገሩ ግን አሳፍሮኛል። እህል እንደ ዋልያ በተፈጥሮው ያነሰ ነገር አስመሰለው፤ ማን አጣ፣ ለምን አጣ የሚለው ጥያቄም ተቀበረ። አማርትያ ሴን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ቀደም ሲል በ1965 ወሎን የመታውን ረሀብ መርምሮ፣ በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፣ ከወሎም እህል ይወጣ ነበር፣ ገበሬው ያጣው የሚገዛበትን አቅም ነው ብሎ ተከራክሯል። «እህል ብርቅ ነበር» እና «ገበሬው እህል የሚገዛበት አጣ» ሁለት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። በሁለተኛው ውስጥ ሰው አለ።

ታዲያ ምን እንጻፍ? ነገሩ ቁጥር ከሆነ «ጥቂት»፣ «ከስንት አንድ» አለልን። ድግግሞሽ ከሆነ «አልፎ አልፎ»፣ «ከስንት አንዴ»፣ «እምብዛም» አለ፤ «እምብዛም» ግን አሉታ ግሥ ትፈልጋለችና «እምብዛም ይመጣል» የምትሉ ወንድሞቼና እኅቶቼ አደራ። ችግር ከሆነ «ጠፋ»፣ «ታጣ»፣ «እጥረት» አለ። የምንሳሳለትና የሚያስደንቀን ሲሆን ያኔ «ብርቅዬ» ትምጣ። ስለዚህ «ብርቅዬ መጽሐፍ» ቢባል አልቀየምም፤ እኛም እኮ እንሳሳለታለን። እንግሊዞች ለብ ለብ ያለውን ሥጋም «ሬር» ይሉታል፤ እሱ ግን ምንጩ ሌላ የሆነ ቃል ነው። አንድ ድምፅ አንድ ትርጉም እንዳልሆነ ከዚያም መማር ይቻላል።

ቋንቋ ያድጋል፣ ቃልም ይሰፋል የሚል መልስ እንደሚመጣብኝ ዐውቃለሁ። ይስፋ። ሲሰፋ ግን ሌሎቹን ቃላት ሥራ እያስፈታ፣ የተቸገረውንም ሰው ከዐረፍተ ነገሩ እያስወጣ ከሆነ ዕድገት አልለውም። የተሳሳትኩ የሚመስላችሁ በሚቀጥለው እትም ጻፉብኝ፤ ብቻ መልሱን ከመላካችሁ በፊት ማንበብ ለማይችል አንድ ዘመዳችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡለት።