ታማኝነት ለማን? ስለ ክቡር ዘበኛና ስለ ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ሙከራ

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. ስለ ተደረገው የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ የተጻፈው አብዛኛው ጽሑፍ ከሁለት ወንድማማቾች ታሪክ አይርቅም። ገርማሜ ንዋይ ለምን አሰበው? ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይስ ለምን ተከተለው? ሪቻርድ ግሪንፊልድ በ1965 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ለሙከራው ሰፊ ቦታ መስጠቱ የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የገርማሜ ሰውነት ገንኖ ሲታይ አንድ ዋና ጥያቄ ይሸፈናል፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱን እንዲጠብቅ የተቋቋመው ክፍል ስለ ሥራው ለማን መልስ ይሰጥ ነበር የሚለው ነው።

በሙከራው የገባው የክቡር ዘበኛ አዛዥ ብቻ አልነበረም። የጸጥታው ሹም ኰሎኔል ወርቅነህ ገበየሁና የፖሊስ አዛዡ ጄኔራል ጽጌ ዲቡም አብረው ነበሩ። የጥበቃ ሥራ የተከፈለባቸው ሦስቱ ክፍሎች አለቆች በአንድነት ሲነሡ ነገሩን በአንድ ወጣት የውጭ አገር ትምህርት ብቻ መተርጐም አይበቃም።

የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት የጦር ኃይሎችን ጠቅላይ አዛዥነት ለንጉሠ ነገሥቱ ሰጥቶ ነበር፤ የሚኒስትሮቹም ተጠያቂነት ለዙፋኑ ነበር። ስለዚህ የቀረው መቈጣጠሪያ ሹም ሽር ነው። ከመንግሥቱ በፊት ክቡር ዘበኛን ያዘዙት ጄኔራል ሙሉጌታ ቡሊ በኋላ ወደ ሲቪል ሹመት ተዛውረዋል። ሰውየው ተነሣ እንጂ ሥልጣኑ አልተመረመረም፤ እንዳለ ለተተኪው ተላለፈ። ታኅሣሥ 7 ቀን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ከተገደሉት መኳንንትና ሹማምንት አንዱ እኒሁ ሙሉጌታ ነበሩ። (ቦታው ዛሬ የስድስት ኪሎ ግቢ መሆኑን አንባቢ ያውቃል።)

ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው የተራው ወታደር ነገር ነው። ብዙዎቹ የሚዋጉት ለንጉሠ ነገሥቱ መስሏቸው እንደ ነበር ተጽፏል። ይህ እውነት ከሆነ «ክህደት» የሚለው የመንግሥት ቃል ለእነዚህ ሰዎች አይስማማቸውም። ታማኝነታቸው አልጐደለም፤ በዚያው በታማኝነታቸው ተነዱ እንጂ። አዛዡን ከመታዘዝ በቀር ሌላ ሕግ ያልተማረ ዘበኛ የአዛዡን ትእዛዝ በምን ይመዝነው?

ሙከራውን የሚያወድሱትም ቢሆኑ ከዚህ ጥያቄ አያመልጡም። የኮሌጁ ተማሪዎች በዚያ ሰሞን ለለውጡ ሰልፍ ወጥተዋል፤ ምኞታቸውን የሚነቅፍ የለም። ሆኖም እስረኞችን ያለ ፍርድ የገደለ ቡድን እርሱም ራሱ ለማን ይጠየቅ እንደ ነበር አልነገረንም።

ገርማሜና ወርቅነህ ለፍርድ ሳይቀርቡ ሞቱ፤ መንግሥቱ በመጋቢት 1953 ዓ.ም. ተሰቀለ። ሙከራውን ያከሸፈው የምድር ጦር በዚያው ዓመት የደመወዝ ጭማሪ ጠየቀ፤ ተሰጠውም። በሰኔ 1966 ዓ.ም. በተሰበሰበው ደርግ ውስጥ የክቡር ዘበኛም ተወካዮች ነበሩበት።