ንዝረት፣ እምምታ፣ ስርገት፦ በአንድ የሸክላ ማጫወቻ መመሪያ ትርጕም ላይ የቀረበ ሒስ

የሙያ ቃላት ትርጕም በሚተችበት ጊዜ አዘውትሮ የሚሰማው ክስ ቃሉ ለጆሮ አይጥምም፣ ወደ ግእዝ አብዝቶ አዘነበለ ወይም ከባዕድ ቋንቋ እንዳለ ተቀዳ የሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ትርጕም ጥፋቱ የጣዕም አይደለም። ቃላቱ አንድ በአንድ ቢመረመሩ ሁሉም ንጹሕ አማርኛ ናቸው፤ ዐረፍተ ነገሮቹም ሰዋስው አይጥሱም። ይሁን እንጂ ትእዛዙን አምኖ የፈጸመ አንባቢ ራሱንና ቤተ ሰቡን ለኤሌክትሪክ አደጋ አጋልጧል።

ወረቀቱን ያገኘነው ከጥቂት ዓመታት በፊት በመካነ ሰላም፣ በወንድማችን ልጅ ቤት ነው። መካነ ሰላም ከደሴ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ ሲኬድ የምትገኝ የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ልጁ ከአባቱ የወረሳቸው አርባ ያህል ሸክላዎች አሉት። የሚበዙት በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩት ትንንሾቹ ሲሆኑ፣ አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም. አምሃ ሪከርድስን ካቋቋመ በኋላ በነበሩት ጥቂት ዓመታት የታተሙ ዘፈኖች ናቸው። ወንድማችን እነዚህን ሸክላዎች ይሰማ የነበረው በባትሪ ድንጋይ በሚሠራ ማጫወቻ ነበር። የባትሪ ድንጋይ ማጫወቻ ሌላ ብዙ ጕድለት ቢኖርበትም ከመብራት መሥመር የሚመጣ ጕድለት የለበትም። ልጁ ግን ሸክላዎቹን ወደ ኮምፒውተር ለመቅዳት አስቦ ያገለገለ ማጫወቻና አምፕሊፋየር ከአዲስ አበባ አስመጣ፤ ከዕቃው ጋራ ባለ አራት ገጽ የአማርኛ መመሪያ መጣለት። የተርጓሚውም ሆነ የአቅራቢው ስም አልተጻፈበትም፤ ተጽፎ ቢሆንም ኖሮ እዚህ አናነሣውም ነበር።

እኛ ስንደርስ ዕቃው ተገጣጥሟል። መርፌው ገና ሸክላው ላይ ሳያርፍ ከሳጥኖቹ የማያቋርጥ ወፍራም ድምፅ ይወጣል። የአምፕሊፋየሩን የብረት ሽፋን የነካ ሰው ደግሞ ጣቱን ቆንጠጥ ያደርገዋል። መመሪያው በሦስተኛው ገጽ «ንዝረት ካለ የመሬት ሽቦውን ይፍቱ» ይላል። ልጁም የታዘዘውን ፈጽሞ፣ የሶኬት መሰኪያውን ከፍቶ ቢጫና አረንጓዴ ቀለም ያለውን ሽቦ ቈርጦ ጥሎት ነበር። «ጋሼ፣ ወረቀቱ ፍቱ ይላል፤ ፈታሁ፤ አሁንም ግን ይነዝራል» አለን።

ልብ ይሏል፤ ልጁ አላጠፋም፤ አማርኛውን በትክክል ነው ያነበበው። «ነዘረ» በቋንቋችን ሁለት ነገር ይናገራል። አንደኛው መርገብገብ፣ መንቀጥቀጥ ነው፤ የፊዚክስ መምህር ስለ ክራር ጅማት ንዝረት የሚናገረው በዚህ ፍች ነው። ሁለተኛው ኤሌክትሪክ በሰውነት ሲያልፍ የሚሰማው ነገር ነው፤ «መብራት ነዘረኝ» ያለ ሰው ስለ ድምፅ እንደማይናገር ሕፃንም ያውቃል። ተርጓሚው በእንግሊዝኛው «ሃም» የሚል ቃል አግኝቶ፣ ድምፅ ሁሉ ንዝረት ነው ከሚለው የትምህርት ቤት ዕውቀት በመነሣት ይመስለናል፣ «ንዝረት» ብሎ አለፈው። በጥቁር ሰሌዳ ፊት ይህ ያስኬዳል። በኤሌክትሪክ ዕቃ መመሪያ ላይ ግን ሁለተኛው ፍች ቀድሞ ይገባል፤ እንዲያውም ሌላ ፍች አይታሰብም።

ሁለተኛው ስሕተት «የመሬት ሽቦ» ነው። ከማጫወቻው ጀርባ፣ ከድምፅ ገመዶቹ ጋራ አብሮ የሚወጣ አንድ ቀጭን ሽቦ አለ። ጫፉ ብዙውን ጊዜ እንደ መንሽ ሁለት ጣት ያለው ሲሆን በአምፕሊፋየሩ ጀርባ በምትገኝ ትንሽ ብሎን ሥር ይታሰራል፤ ሥራውም የማጫወቻውን ክንድና ሌላውን የብረት ክፍል ከአምፕሊፋየሩ አካል ጋራ ማገናኘት ነው። በሶኬት የሚያልፈው ቢጫና አረንጓዴ ሽቦ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው። በዕቃው ውስጥ አንድ ሽቦ ተልጦ ሽፋኑን ቢነካ 220 ቮልቱ በሰው አካል በኩል ሳይሆን በእርሱ በኩል ወደ መሬት እንዲወርድ የተዘረጋ ነው። እንግሊዝኛው ሁለቱንም በአንድ ቃል ሊጠራቸው ይችላል፤ አንባቢውም ከሥዕሉና ከልማዱ ይለያቸዋል። ተርጓሚያችን አሻሚነቱን ሳይፈታ እንዳለ አሻገረው። ቀጭኑን ሽቦ አስሮም ፈትቶም መሞከር በእነዚህ ዕቃዎች የታወቀ ምክር ነው፤ ሰው አይጎዳም። ያው ምክር ወደ ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ ሲዛወር ግን ነፍስ የሚያስጠፋ ይሆናል።

ኋላ እንደታየው፣ የግድግዳው ሶኬት የመሬት መሥመር ላልቶ ኖሯል፤ ሽፋኑ የሚነዝረው በዚህ ምክንያት ነበር። ቀጭኑ ሽቦ ደግሞ ከጥቅሉ አልተፈታም፤ ወፍራሙ ድምፅ የመጣው ከዚህ ነበር። የከተማው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የመጀመሪያውን አበጀ፤ ሁለተኛውን ልጁ ራሱ በጣቱ አሰረው፣ ድምፁም ወዲያው ወረደ። ሁለት ሕመም፣ ሁለት መድኃኒት ነበር፤ መመሪያው ግን ለሁለቱ አንድ ስም ሰጥቶ መድኃኒቱን በተገላቢጦሽ አዘዘ።

ይህ ድምፅ በሸክላ ማጫወቻ ላይ ከካሴትና ከሬዲዮ ይልቅ ለምን እንደሚበረታ ማወቅ ለቃል አውጪም ይጠቅማል። መርፌውን የያዘው ማግኔታዊ ራስ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ 5 ሚሊቮልት ያህል ቢሆን ነው፤ ስለዚህ 100 ጊዜ ያህል መጉላት አለበት። በዚህ ላይ ሸክላ ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ሆን ተብሎ ይቀነሳል፣ ቀጭኑ ይጨመራል፤ ሲጫወት ይህ ይገለበጣል። የአሜሪካ ሸክላ አሳታሚዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው፣ በኋላም የዓለም አሳታሚዎች በተቀበሉት ደንብ መሠረት በ50 ኸርዝ ያለው ድምፅ በ1000 ኸርዝ ካለው 7 እጥፍ ያህል ይጐላል። የአገራችን መብራት ደግሞ በሴኮንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ ነው። እንግዲህ ከመብራት መሥመር ወደ ቀጭኑ የድምፅ ገመድ የገባች ኢምንት ኀይል በስተመጨረሻው 700 ጊዜ ያህል ጐልታ ትወጣለች ማለት ነው። ጥርት ያለ 50 ኸርዝ ከሆነ ድምፁ ወፍራምና ለስላሳ ነው። በአምፕሊፋየሩ የኀይል ክፍል ያለው ካፓሲተር ሲያረጅ ግን 100 ኸርዝና ከዚያም በላይ ያሉ ብዙ ድምፆች ስለሚደባለቁ ይሻክራል። እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን «ሃም»፣ ሁለተኛውን «በዝ» ይላል። ልዩነቱ የቅንጦት አይደለም፤ ጠጋኙ ገመድ ይፈትሽ ወይስ ሳጥን ይክፈት የሚለውን የሚወስነው ይኸው ነው።

ታዲያ በአማርኛ ምን እንበለው? በመጀመሪያ ወደ አእምሯችን የመጡትን ሦስት ቃላት ጥለናቸዋል። እንጕርጕሮ የሰው ነው፣ ዜማም አለበት። እምታ የከበሮና የመድፍ ነው፤ ይመታል፣ ያልቃል። ጕርምርምታ ቅሬታ ያዘለ ከመሆኑም በላይ እንደ ነጐድጓድ ከፍ ዝቅ ይላል። የእኛ ድምፅ ዜማም፣ ምትም፣ ቅሬታም የለውም፤ ተደላድሎ ይኖራል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሳለን የልጁን እናት ምን እንደሚሰማቸው ጠየቅናቸው። «ምን ይላል?» ነበር ያልነው። «እምም ይላል እንጂ! ዝም አይልም» አሉን። መልሱ በእኛው ጥያቄ ውስጥ ነበር። አማርኛ ስለ ድምፅ ሲጠይቅ «ምን ይላል» ነው የሚለው፤ ሲመልስም በ«አለ» ይመልሳል። እኛ ቃል አውጪዎች በእንግሊዝኛው በኩል ስም ስላገኘን በአማርኛውም በኩል ስም ስንፈልግ እንውላለን። ቋንቋው ግን ድምፅን አስቀድሞ በግስ ይይዘዋል፤ ስሙ የሚወለደው ከዚያ ነው። ዝም አለ፣ ዝምታ፤ ጸጥ አለ፣ ጸጥታ፤ ሽው አለ፣ ሽውታ፤ ሹክ አለ፣ ሹክሹክታ። ለዐይንም እንዲሁ ነው፤ ብልጭ አለ፣ ብልጭታ። በዚህ ሥርዐት እምም የሚለው እምምታ፣ ዝዝ የሚለው ዝዝታ፣ ካሴት ሲጀምር እንደሚሰማው ሽሽ የሚለው ሽሽታ ቢባል አዲስ ሕግ አልተፈጠረም። አቧራ በሸክላ ላይ የሚያሰማውን ደግሞ ምጣድ ላይ እንዳለ ቆሎ ይንጣጣል ማለት ይበቃል፤ ለዚህ ቃል ማውጣት አያስፈልግም።

እምምታ የልጅ አፍ ይመስላል የሚል ተቃውሞ ከባልደረቦቻችን ሰምተናል። ሹክሹክታም በመጀመሪያ ቀን እንዲያ ሳይመስል አልቀረም። ከዚህ የጠነከረው ተቃውሞ ጠጋኞች «ሃሚንግ» ማለትን ስለ ለመዱ ቃሉ እንዳለ ይወሰድ የሚለው ነው። ለዕቃ ስም ሲሆን እንስማማለን፤ አምፕሊፋየርን፣ ሶኬትን፣ ፊውዝን ማንም አያስጥለንም። የብልሽት ምልክት ስም ግን የጠጋኙ ብቻ አይደለም። ምልክቱን አስቀድሞ የሚሰማውና ለጠጋኙ የሚናገረው ባለቤቱ ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ ደውለው የሚናገሩት እኒያ እናት «እምም ይላል» ካሉ ጠጋኙ ገመድ ያስባል፤ «ይነዝራል» ካሉ «እንዳትነኩት» ይላል። ቃሉ በሁለቱ መካከል መመላለስ አለበት።

በመመሪያው ሌላው ደካማ ዐረፍተ ነገር «የጣልቃ ገብነት ጫጫታ ሲኖር መሣሪያውን ያርቁ» የሚለው ነው። የትኛው መሣሪያ? ከምን ይራቅ? በዚያ ቤት ጕዳዩ ቀላል ነበር፤ የልጁ ስልክ ከማጫወቻው አጠገብ ሲቀመጥ፣ ገና ሳይደወል፣ ሳጥኖቹ ትትት፣ ትትት ይሉ ነበር። የሁለተኛው ትውልድ ተንቀሳቃሽ ስልክ ሞገዱን የሚልከው በሴኮንድ 217 ጊዜ እየቈራረጠ በመሆኑ የድምፅ ገመዱ እንደ አንቴና ይቀበለዋል፤ በአምፕሊፋየሩ ያለው ትራንዚስተርም ሳይጠየቅ የሬዲዮን ሥራ ሠርቶ ወደ ድምፅ ይለውጠዋል። ኀይለኛ ማሰራጫ ጎረቤት ለሆነ ቤት በዚሁ መንገድ ከሸክላ ማጫወቻ ውስጥ ዜና ሊሰማ ይችላል። በ1955 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የብሥራተ ወንጌል ድምፅ ሬዲዮ ጣቢያ ማሰራጫዎች ባለ 100 ኪሎዋት ነበሩ፤ ከእንዲህ ያለ ምሰሶ ሥር አንድ ክንድ ያልተሸፈነ ገመድ ብዙ ሊያወራ ይችላል።

«ጣልቃ ገብነት» ለዚህ ነገር አይስማማም። ጣልቃ የሚገባ ፈቃድ ያለው ሰው ወይም መንግሥት ነው፤ ሞገድ ፈቃድ የለውም። ሆን ተብሎ ሲደረግ ደግሞ ሕዝቡ የራሱ ቃል አለው፤ በ2002 ዓ.ም. የአሜሪካ ድምፅ የአማርኛ ሥርጭት ሞገድ በታወከ ጊዜ የተባለው ታፈነ ነው። «ሰርጎ ገብ» እንዳንል ቃሉ የወታደር ልብስ ለብሷል። ከሥሩ ብንነሣ ግን፣ ውሃ በአፈርና በግድግዳ ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ሰረገ እንላለን፤ ስርገት በውሃ ሙያ የተለመደ ነው። «የሬዲዮ ስርገት» ብንል ያለ ፈቃድ፣ ባልታሰበ ቀዳዳ መግባቱን ይገልጻል፤ መድኃኒቱንም ይጠቁማል፤ ቀዳዳውን መድፈን፣ ማለትም ገመዱን ማሳጠርና በሽፋን መጠቅለል። «ጫጫታ» የገበያና የተማሪ ቤት ነውና በዚያው ይቅር።

ዝዝታን በሚመለከት አንድ ማሳሰቢያ አለን። በበገና ላይ፣ በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባ ትንሽ ቍራጭ ቆዳ አለች፤ እንዚራ ትባላለች። የበገና ድምፅ የሚሻክረው፣ ዝዝ የሚለው በእርሷ ነው፤ እርሷ ከሌለች በገናው በገና አይባልም። ስለዚህ ዝዝታ በመዝገበ ቃላት ሲገባ «የብልሽት ድምፅ» ተብሎ መፈታት የለበትም። የበገና ሸክላ ወደ ኮምፒውተር የሚቀዳ ጀማሪ «ዝዝታን አጥፋ» የሚል መመሪያ አንብቦ እንዚራውን አብሮ ሊያጠፋው ይችላል። ፍቹ ድምፁን ይግለጽ፤ ጥፋት መሆኑንና አለመሆኑን የዕቃው መመሪያ ይናገር።

ሌሎቹን በአጭሩ እናልፋቸዋለን። መርፌውን «ብዕር» ማለት መዝገበ ቃላት ገልጦ የመጀመሪያውን ፍች የመውሰድ ውጤት ነው። ሸክላን «የቪኒል ሰሌዳ» ማለትም ያለውን ትቶ የሌለውን መፈለግ ነው፤ ሸክላ የሚሰበረው ዘመን አልፎ የማይሰበረው ሲመጣ እንኳ ስሙን አልለወጠም። «ድምፅ ማጉያ» በመመሪያው አንድ ጊዜ አምፕሊፋየሩ፣ አንድ ጊዜ ሳጥኑ፣ አንድ ጊዜ ማይክሮፎኑ ሆኗል፤ ይህ የተርጓሚው ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ዕዳ ስለሆነ ለብቻው መታየት ይገባዋል።

ከመካነ ሰላም ከመነሣታችን በፊት የሦስተኛውን ገጽ መሥመር ከልጁ ጋራ ሆነን ሠርዘን፣ በኅዳጉ ላይ እንዲህ ጻፍንበት፦ «እምምታ ካለ ከማጫወቻው ጀርባ የሚወጣው ቀጭን ሽቦ ከአምፕሊፋየሩ ብሎን ጋራ መታሰሩን ይመልከቱ። የዕቃው ብረት ከነዘረዎ ግን ከሶኬት ነቅለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ይጥሩ፤ ቢጫና አረንጓዴውን ሽቦ በምንም ምክንያት አይቍረጡ።»