«ምርጥ ዘር»፣ «ድቅል»፣ «ልውጠ ሕያው»፦ በጥጥ ማዳቀል ቃላት ላይ የቀረበ ሂስ

የጥጥን ምርምር በአማርኛ ለመግለጽ የሚነሣ ጸሓፊ በመጀመሪያ የሚያጋጥመው የቃል ድህነት ሳይሆን የቃል ብልጽግና ነው። እናቶቻችን ጥጡን በመዳመጫ ዳምጠው፣ በደጋን ነድፈው፣ ባዘቶውን በእንዝርት ሲፈትሉ የኖሩበት ሙያ ለእያንዳንዱ ተግባርና መሣሪያ ስም አውጥቶለታል። ጥጥን ከፍሬው የሚለየው ፋብሪካ ወደ አገራችን በገባ ጊዜም አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም፤ የቤት ውስጡ ብረት ስም «መዳመጫ» ወደ ፋብሪካው ተሸጋገረ፤ «የተዳመጠ ጥጥ» የሚለው ሐረግም በገበያና በመሥሪያ ቤት ጸና። ከዚህ የተሻለ የስያሜ ሥራ የሠራ ጉባኤ መኖሩን እንጠራጠራለን።

ችግሩ የሚጀምረው ከማሳው አልፈን ወደ ዘሩ ውስጥ ስንገባ ነው። «ዝርያ» የሚለውን ቃል እንመልከት። በአዋሽ መካከለኛ ሸለቆ የሚገኘው የወረር የግብርና ምርምር ማዕከል ለገበሬ ካቀረባቸው ጥጦች መካከል አካላ ኤስ ጄ 2 እና ዴልታፓይን 90 ይገኛሉ። ሁለቱም «ዝርያ» ይባላሉ፤ መባላቸውም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚገኙበት ትልቁ የዕፀዋት ክፍል፣ ማለትም ከአሜሪካ የመጣው ደጋማ ጥጥ የሚባለው ወገን ራሱ፣ በሌላ ጽሑፍ እንዲሁ «ዝርያ» ተብሎ ይገኛል። በሰው እጅ ከሚለሙት አራት የጥጥ ወገኖች ሁለቱ፣ የአሮጌው ዓለም ጥጦች፣ 26 ክሮሞዞም ሲኖራቸው የአዲሱ ዓለም ሁለቱ 52 አላቸው። እንግዲህ «ሁለት ዝርያዎችን አዳቀልን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ያነበበ ተማሪ ምን ይረዳ? አካላ ከዴልታፓይን ጋር ተዳቅሎ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ ልጆቹም ዘር ይሰጣሉ። ባለ 26ቱ ከባለ 52ቱ ጋር ተዳቅሎ ከሆነ ግን የሚወለደው ባለ 39 ክሮሞዞምና በአብዛኛው መካን ነው። አንዱ የዘወትር ሥራ፣ ሌላው የብዙ ዓመት ድካም መሆኑን ቋንቋው ሰውሮታል። ለትልቁ ክፍል «ወገን» ወይም ሌላ ቃል ይመረጥ፤ «ዝርያ» ግን ለታናሹ ብቻ ይቀር ዘንድ እንጠይቃለን።

ከዚህ የበለጠ ጉዳት ያለው ግን «ድቅል» ላይ ነው። ሥሩ ከ«ዲቃላ» ጋር አንድ ስለሆነ ቃሉ ነቀፌታን ተሸክሞ ይመጣል፤ በቅሎ አባቷን ተጠይቃ ፈረስ ዘመዷን የጠራችበትን ተረት የማያውቅ የለም። በቅሎ ደግሞ አትወልድም። ስለዚህ «የተዳቀለ ዘር» ሲባል ብዙ ሰው መካን ዘር ብሎ ይተረጉመዋል። (በአዲስ አበባ በቅሎ ቤትና ላንቻ ጎረቤት ሠፈሮች ናቸው፤ አንደኛው ስሙን ከድቅል እንስሳ አግኝቷል፣ ሁለተኛው ከጣሊያን ተሽከርካሪ ስም መምጣቱ ይነገራል። ሁለቱም ያለማንም ፈቃድ አማርኛ ሆነዋልና «ጂን» እና «ክሮሞዞም» ባዕድ ናቸው ብለው የሚሟገቱ ወዳጆቻችን እዚያ ቢያልፉ መልካም ነው።)

እውነቱ እንዲህ ነው። ማዳቀል ሥራ ነው፤ ድቅል ደግሞ የዚያ ሥራ የመጀመሪያ ትውልድ ልጅ ነው። አዳቃዩ ሁለት ወላጆችን አገናኝቶ፣ ልጆቹን ለብዙ ትውልድ እየመረጠ ጠባያቸው እስኪረጋ ድረስ ከቀጠለ፣ የሚያገኘው ረግቶ የሚራባ ዝርያ ነው፤ ገበሬው በጥንቃቄ ከያዘው ለከርሞ ዘር ያስቀምጥለታል። የመጀመሪያውን ትውልድ ራሱን ከሸጠ ግን ገበሬው በየዓመቱ መግዛት አለበት፤ መንደል በ1866 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የአተር ጥናት እንዳሳየው በሁለተኛው ትውልድ የወላጆች ጠባይ ይበታተናልና። ዘሩ አይበቅልም ማለት ግን አይደለም፤ ይበቅላል፤ ነገር ግን ማሳው አንድ ዓይነት አይሆንም፣ የጭረቱም ርዝመት ይለያያል። «ምርጥ ዘር» የሚለው የግብርና ባለሙያዎች የተወደደ ቃል ሁለቱንም ይሸፍናል፤ ለገበሬው ከሁሉ የሚበልጠውን ጥያቄ፣ «ከዚህ ለከርሞ ላስቀምጥ ወይስ ልግዛ?» የሚለውን፣ አይመልስለትም።

ጥያቄው በ2010 ዓ.ም. ከባድ ሆነ። በዚያ ዓመት ጄ ኬ ሲ ኤች 1947 እና ጄ ኬ ሲ ኤች 1050 የተባሉ ሁለት የህንድ ጥጦች ለእርሻ ተፈቀዱ። እነዚህ ባሲለስ ቱሪንጄንሲስ ከተባለው ባክቴሪያ የተወሰደ፣ ጓይ ትልን የሚገድል ፕሮቲን የሚያስገኝ ጂን ያላቸው ናቸው፤ በዚያው ላይ ድቅሎች ናቸው። ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ከረጢት መጡ። ክርክሩም ሁለቱን አምታታቸው፤ ዘሩ ለከርሞ የማይቀመጠው በጂኑ ምክንያት ነው ተባለ። የማይቀመጠው ድቅል በመሆኑ ነው። ጂኑማ ይወረሳል፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ የመጣ ከሆነ ግን በሁለተኛው ትውልድ ከአራት ተክሎች አንዱ ያለ እርሱ ይቀራል፤ ገበሬውም ማሳው የተጠበቀለት መስሎት ትሉን ያስተናግዳል።

ለዚህ መምታታት «ልውጠ ሕያው» የሚለው ስያሜ ድርሻ አለው ብለን እናምናለን። በግዕዝ «ንጹሐ ልብ» ስንል ልቡ ንጹሕ የሆነ ማለታችን ነው፤ የተገለጸው ልቡ ነው። በዚያው ሥርዓት «ልውጠ ሕያው» ሕያዉ የተለወጠበት ማለት ይሆናል፤ ይህም ምንም አይነግረንም። (ግዕዙ ራሱ «ወለጠ» ነውና «ውሉጥ» ይል ነበር፤ አማርኛውን ግሥ በግዕዝ ልብስ ማልበሱ ለሌላ ጊዜ ይቆይ።) የተለወጠው ዘረመሉ ነው፤ «ልውጠ ዘረመል» ቢባል ግን ሰዋስዉም ነገሩም ይገጥማል፣ ከማዳቀልም ይለያል። ሕጉ «ሕያው»ን የመረጠው ሥልጣኑ ለእንስሳም ለደቂቅ ነፍሳትም እንዲደርስ ብሎ እንደሆነ እንገምታለን፤ ሆኖም ዘረመል የሌለው ሕያው ስለሌለ በስያሜው መለወጥ የሚጠፋ ወሰን የለም።

ስለዚህ በዘር ከረጢቱ ላይ ሁለት ቃላት ተለያይተው እንዲጻፉ እንጠይቃለን፦ አንዱ ዘሩ «የረጋ ዝርያ» ወይም «ድቅል» መሆኑን፣ ሌላው «ልውጠ ዘረመል» መሆን አለመሆኑን የሚናገር። ከ«ድቅል» ሥርም በትልቁ ፊደል፦ «ለከርሞ ዘር አይቀመጥም»።