መርዶና የስልክ መስመር

በ2014 ዓ.ም. አንድ ማለዳ ሦስት ሆነን ከፌርፋክስ ጎዳና፣ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ከሚባለው ሰፈራችን ጀርባ፣ የአንድ ወዳጃችንን በር አንኳኳን። ታናሽ ወንድሙ መቀሌ ውስጥ መሞቱን ከአንድ የስደት ጣቢያ ሰምተን ነበር። ደውሎ ማጣራት አይቻልም፤ መስመር የለም። ሐኪም ነህና አንተ ንገረው ተባልኩ፤ ነገርኩት። ልቅሶ ተቀመጠ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ተዝካር ወጣ። ታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የመቀሌ ስልክ ሲመለስ ሟች የተባለው ራሱ ደወለ።

ስለ ቴሌኮም ስንጽፍ መንግሥትን መውቀስ ልማዳችን ነው፤ ይገባዋልም። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የተዘጋው የአጭር ጽሑፍ መልእክት የተከፈተው ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። በጥቅምት 2013 ጦርነቱ ሲጀመር በትግራይ ስልኩም ኢንተርኔቱም ጸጥ አለ። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የአንድ ድርጅት ሞኖፖል ማብቃቱ የዝምታው ማብቂያ የመሰለን ብዙዎች ነበርን። በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ግን በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ደንበኛው የሚመርጠው ሁለት ሆነ እንጂ ማብሪያ ማጥፊያው ያለው በዚያው በአንዱ እጅ ነው።

ትችቴ እዚህ ቢያበቃ ግን እኛን ነፃ ያወጣናል። መስመር ሲቆረጥ የስደት መገናኛ ብዙኃን ማወቃቸው ያንሳል፤ እርግጠኝነታቸው ግን አያንስም፤ እንዲያውም ይብሳል። በሙያዬ ራሱን የሳተ በሽተኛ ሲመጣ ታሪኩን ካመጣው ሰው እንቀበላለን፤ መዝገቡ ላይ ግን ማን እንደ ነገረን፣ በዓይኑ አይቶ ይሁን ከሌላ ሰምቶ፣ እንጽፋለን። ወሬውን ከላቦራቶሪ ውጤት ጋር አናደባልቅም። በጣቢያዎቻችን ግን «ምንጮቻችን» የምትለው ቃል ሁሉን ትሸከማለች። ማን፣ የት ሆኖ፣ መቼ አየ? መልስ የለም። (መረጃ ሲጠፋ «አላወቅንም» ማለትስ ምን ነውር አለው?)

ባደግሁበት አገር ሽማግሌዎች «ማን ቀበረው?» ብለው ሳያጣሩ መርዶ አይነግሩም ነበር። ስልክ ባልነበረበት ዘመን! እኔ በሁለት አህጉር የተማርኩት ያን ማለዳ ይህን ጥያቄ አልጠየቅሁም።

ወዳጄ አልተቆጣኝም። ፌርፋክስ ላይ ሲያገኘኝ ስልኩን አውጥቶ የወንድሙን ድምፅ አሰማኝ። ጣቢያው እርማት ሲያሰማ ግን አልሰማሁም።